ጄኩዌሪን ከየት እንጥራው? ነጻ ሲዲኤን ወይስ የራስ ሰርቨር

«ላይብረሪውን ከነጻ ሲዲኤን ልጥራው ወይስ ራሴ ሰርቨር ላይ ላስቀምጠው?»

ዌብሳይት የሚሠሩ ጓደኞቼ ይህን ጥያቄ በቴሌግራም ደጋግመው ይልኩልኛል። ላይብረሪ ማለት ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ ገጻችን ጠርቶ የሚጠቀምበት ኮድ ነው፤ ጄኩዌሪ አንዱ ነው። ነጻ ሲዲኤን ደግሞ እንዲህ ያለውን ፋይል ለማንም ድረ ገጽ በነጻ የሚያድል የሌላ ድርጅት ሰርቨር ነው። አንዱ ለሆቴል ይሠራል፤ ሌላው መርካቶ ላለ የጫማ አከፋፋይ፤ አንዷ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ የሐበሻ ምግብ ቤት። እስካሁን በድምፅ መልእክት ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ሂሳቡንም ምክንያቱንም አንድ ላይ ላስቀምጠው።

መልሴን አላቆየውም። ድረ ገጹ ገንዘብ የሚያስገባ ከሆነ ጄኩዌሪውም፣ የገጹን መልክ የሚያሳምረው ቡትስትራፑም፣ ስላይደሩም፣ የቀን መምረጫውም በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ነጻ ሲዲኤን ለመማሪያ፣ ለናሙና፣ ለደንበኛ ቶሎ ለሚታይ ረቂቅ ጥሩ ነው። ለሚሸጥ ገጽ ግን አልመክረውም።

ስለ ሲዲኤን ከዚህ በላይ ለሠሪዎች ማብራራት አያስፈልግም። ዌብሳይት ለምታሠሩ ነጋዴዎች ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገጻችሁ ሲከፈት ከሰርቨራችሁ ብቻ አይመጣም። የተወሰነው ኮድ የማታውቁት ድርጅት ካስቀመጠበት ቦታ ይጠራል። ያ ኮድ ገጻችሁ ላይ ያሻውን ማድረግ ይችላል። ደንበኛው ስልክ ቁጥሩንና የካርድ ቁጥሩን ሲጽፍ ማንበብም ይችላል። ይህን ያዙልኝ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ሂሳቡን እስከ ሳንቲሙ

ነጻ ሲዲኤን የሚመረጠው «ብር አያስወጣም» ተብሎ ነው። እንግዲያው ስንት ብር እንደሚያድን እንቁጠር።

የጄኩዌሪ 3.7.1 የታመቀችው ፋይል 87 ኪሎ ባይት ገደማ ናት። ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልካት ወደ 30 ኪሎ ባይት ትወርዳለች። የቡትስትራፕ 5 ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት (የመልክና የእንቅስቃሴ ኮዱ) አንድ ላይ ተጨምቀው 60 ኪሎ ባይት ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ለአንድ አዲስ ጎብኚ ሁሉንም ለመላክ 100 ኪሎ ባይት ይበቃል። ጎብኚው በማግስቱ ቢመለስ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ይጠቀማል፤ እንደገና አይወርድም።

በወር 10 ሺህ አዲስ ጎብኚ ያለው ድረ ገጽ እንውሰድ። ለአንድ የአዲስ አበባ ሱቅ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። 10 ሺህ በ100 ኪሎ ባይት ሲባዛ 1 ጊጋ ባይት ይሆናል። በወር አንድ ጊጋ ብቻ።

ሰርቨር የሚያከራየው ዲጂታል ኦሽን ላይ በወር 4 ዶላር የሚከፈልበት ትንሹ ሰርቨር 500 ጊጋ ባይት ትራፊክ (ከሰርቨሩ የሚወጣ ዳታ) ይዞ ይመጣል። ከዚያ ካለፈ ለእያንዳንዱ ጊጋ 1 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። «እኔ እየከፈልኩም ቢሆን የራሴ ሲዲኤን ይኑረኝ» ለሚል ደግሞ በኒ የሚባለው አገልግሎት አለ። ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ በጊጋ 6 ሳንቲም፣ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ 1 ሳንቲም ያስከፍላል። ትንሹ ወርሃዊ ክፍያው 1 ዶላር ነው።

ዶላሩን በ150 ብር እናስላው። ውዱን የአፍሪካ ዋጋ ብንወስድ እንኳ ነጻው ሲዲኤን በወር የሚያድንላችሁ የትራፊክ ዋጋ 9 ብር ነው። ለ10 ሺህ ሰው 9 ብር! ዛሬ በ9 ብር ግማሽ ስኒ ማኪያቶም አይገኝ።

የውጭ ምንዛሪ ነገር እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። የብር ተመን ለገበያ ከተለቀቀ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሰርቨር ክፍያ የብዙዎችን ወገብ አጉብጧል። ግን ሰርቨሩን ወይም ሆስቲንጉን ቀድሞውኑ ገዝታችኋል። ምስሎቻችሁ እዚያው ናቸው። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የተጫነ አንድ የምርት ፎቶ ከነዚህ ላይብረሪዎች ሁሉ ድምር ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ትራፊክ መቆጠብ የፈለገ ሰው ፎቶዎቹን ያሳንስ፤ ጄኩዌሪ ላይ የሚቆጠብ ነገር የለም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እኔ አብዝቼ የምጠቀመው እሱን ነው። ፋይሎቹ በራሳችሁ ሰርቨር ይቀመጣሉ፤ ዶሜኑ ክላውድፍሌር በሚባለው የሲዲኤን ድርጅት ነጻ ፕላን በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። ዋጋው 0 ዶላር ነው። ካርድም አይጠይቅም፤ የዶላር ካርድ ለሌለን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጃቫስክሪፕትና የሲኤስኤስ ፋይሎችን ራሱ እየያዘ ለጎብኚው ቅርብ ከሆነ ቦታ ያድላል። የሲዲኤን ጥቅም ታገኛላችሁ፤ ኮዱ ግን የእናንተ ነው፤ አድራሻውም የእናንተ ነው። ነገ ክላውድፍሌር ባይመቻችሁ ኔምሰርቨሩን (ዶሜኑ በማን በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነውን ቅንብር) መልሳችሁ ትወጣላችሁ። የገጹን ኮድ መንካት አያስፈልግም።

«ግን ይፈጥናል እኮ»

ድሮ እውነት ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ላይብረሪዎችን በነጻ ማስቀመጥ ሲጀምር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጎብኚው ጄኩዌሪን ሌላ ድረ ገጽ ላይ ካወረደው፣ ወደ እናንተ ሲመጣ ብራውዘሩ ውስጥ ያገኘዋል፤ ድጋሚ አያወርድም።

ይህ ጥቅም አሁን የለም። ብራውዘሮች ያስቀመጡትን ፋይል በየድረ ገጹ ለይተው መያዝ ጀምረዋል። ምክንያቱ የተጠቃሚው ምስጢር ነው፤ አንዱ ድረ ገጽ ሌላው ላይ ምን እንዳየ እንዳይሰልል ነው። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ክሮም ከ2020 መጨረሻ፣ ፋየርፎክስ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ይሠራሉ። ስለዚህ ጎብኚያችሁ ያንኑ ጄኩዌሪ ከያንዳንዱ ድረ ገጽ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ያወርደዋል። ይህን የማይነግሩ የዩቲዩብ ትምህርቶች ዛሬም ሞልተዋል።

እንዲያውም ተጨማሪ አድራሻ መጥራት ያዘገያል። ስልኩ መጀመሪያ የአድራሻውን ቁጥር መጠየቅ አለበት። ከዚያ ግንኙነት ይከፍታል። ከዚያ የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣል። አንዲት ባይት ሳትወርድ ደርሶ መልስ ይበዛል። የሞባይል ኔትወርኩ ደከም ባለበት ከተማ ላይ ሆኖ የሚከፍት ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆማል። ከእናንተ ሰርቨር ጋር ያለው ግንኙነት ግን ቀድሞውኑ ተከፍቷል። ፋይሉ በዚያው መስመር ይመጣል።

አንድ የመድኃኒት ቤት የሽያጭ ሲስተም አይቻለሁ። ሲስተሙ ሱቁ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የሠራው ልጅ ግን ቡትስትራፕና ጄኩዌሪን ከውጭ ነው የጠራው። ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ይፈርሳል፣ «ሽጥ» የሚለው ቁልፍ ይደነዝዛል፣ ደንበኛ በር ላይ ይሰለፋል። ሁለት ፋይል አውርዶ አንድ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነበር ሥራው። ባለቤቱ ግን ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሽያጩን በወረቀት ሲመዘግብ ከርሟል።

ቀን የማይመረጥበት የጉዞ ድርጅት

ሌላው ጥገና ይበልጥ ያናድዳል። ላሊበላና ዳናኪል የሚያስጎበኝ ድርጅት ያላቸው አንድ ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ለማስታወቂያ ዶላር እየከፈልኩ ደንበኛ ጠፋ። ሰው ገጹን ያየዋል፣ ግን አንድም አይመዘገብም። ምን ነካው?»

ላፕቶፔ ላይ ገጹን ከፈትኩት። ቆንጆ ነው። ፎቶዎቹ አሉ፣ ዋጋው አለ። ቅጹ ላይ «የመነሻ ቀን» የሚለውን ሳጥን ነካሁት። ምንም የለም። ኤፍ 12 ተጭኜ ኮንሶሉን፣ ብራውዘሩ የገጹን ስህተት የሚዘረዝርበትን ቦታ፣ ሳየው ሁለት ቀይ መስመር ተደርድሯል። የመጀመሪያው አንድ ፋይል አልተገኘም ይላል። ሁለተኛው የዶላር ምልክቱ አልተገለጸም ይላል። ጄኩዌሪን የነካ ሰው ያቺን መስመር ያውቃታል። ጄኩዌሪ አልመጣም ማለት ነው፤ በሱ ላይ የቆመው ሁሉ አብሮ ወድቋል ማለት ነው።

ገጹን የሠራው ሰው ላይብረሪዎቹን ከአንድ ትንሽ ነጻ ማስቀመጫ ነበር የጠራው። ማስቀመጫው ሥራ አቁሟል። ለማን ይደወላል? ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ስልክ የለም። ሠሪው ደግሞ አገር ቀይሯል። ጋሼ ለማስታወቂያ ያወጡት ዶላር ቀን ወደማይመረጥበት ቅጽ ሰው ሲልክ ነው የከረመው። እኔ ለጥገና የጠየቅኳቸው ሂሳብ እንኳ እነዚያን ፋይሎች በራሳቸው ሰርቨር ለዓመታት ለማቆየት ከሚበቃው በላይ ነው።

ይህ የሚደርሰው በትንንሾቹ ብቻ አይደለም። ራውጊት የሚባለው አገልግሎት በብዙ ድረ ገጾች ላይ ይጠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደሚዘጋ አሳወቀ። የጄኩዌሪ የራሱ ማከፋፈያ ስታክፓዝ በሚባል ድርጅት ድጋፍ ነበር የሚሠራው። ስታክፓዝ በ2023 መጨረሻ የሲዲኤን ሥራውን ሲዘጋ ጄኩዌሪዎች ፋስትሊ ወደሚባል ሌላ ድርጅት ተዛወሩ። ባለሙያዎች ስለሆኑ ሊንኩ ሳይበላሽ ተሻገሩት። ነጻ ነገር ሁሉ ግን ጀርባው ላይ የሚከፍልለት አንድ ስፖንሰር አለ። ያ ስፖንሰር ሐሳቡን የቀየረ ቀን እናንተን አያማክራችሁም።

የፖሊፊል ጉዳይ

ለምን እንደምከራከር በደንብ የሚያሳየው ግን ፖሊፊል ዶት አይኦ ላይ የደረሰው ነው።

ፖሊፊል ለአሮጌ ብራውዘሮች የጎደላቸውን ኮድ የሚያሟላ ነጻ አገልግሎት ነበር። የታወቀ፣ የተመሰገነ፣ በትልልቅ ድርጅቶች ድረ ገጽ ላይ የሚጠራ ነበር። በየካቲት 2024 ዶሜኑና ኮዱ የሚቀመጥበት የጊትሃብ አካውንቱ ፈንነል ለሚባል የቻይና ድርጅት ተሸጠ። አገልግሎቱን የፈጠረው አንድሩ ቤትስ ወዲያው «አሁኑኑ ከድረ ገጻችሁ አውጡት» ብሎ አስጠነቀቀ። ዶሜኑ መቼም የእሱ እንዳልነበረና በሽያጩም እጁ እንደሌለበት ተናገረ። የሰማው ጥቂት ሰው ነው።

በሰኔ 2024 ሳንሴክ የተባለው የደህንነት ድርጅት ጉዱን አወጣው። ያ አድራሻ ከ100 ሺህ በላይ ድረ ገጾች ላይ ክፉ ኮድ እየላከ ነበር። በስልክ የሚከፍቱ ሰዎችን መርጦ ወደ ስፖርት ውርርድ ገጽ ይወስዳል። መንገዱን ያሳመረው የጉግልን አናሊቲክስ ስም በሚመስል፣ ፊደል በተቀየረበት ዶሜን ነው። ልብ በሉ፤ ኮዱ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። የገጹ አስተዳዳሪ ገብቶ ካየ ዝም ይላል። ስለዚህ ባለቤቱ በኮምፒውተሩ ሲያይ ሁሉ ሰላም ነው፤ ደንበኛው በስልኩ ሲከፍት ቁማር ቤት ነው።

ከዚያ ዶሜኑ ታገደ። ክላውድፍሌር በሱ በኩል የሚያልፉ ገጾችን ሊንክ ራሱ ቀየረላቸው። ጉግልም ያንን ኮድ የሚጠሩ ገጾችን ማስታወቂያ ማገድ ጀመረ። በ2025 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ፈንነልን በሌላ የማጭበርበር ጉዳይ ማዕቀብ ውስጥ አስገባው።

እነዚያ ድረ ገጾች ሰርቨራቸው አልተሰበረም። የይለፍ ቃላቸው አልተሰረቀም። አንዲት መስመር ኮድ ብቻ፣ ከዓመታት በፊት የተጻፈች፣ ባለቤቱ የተቀየረባትን አድራሻ እየጠራች ነበር። ፋይሉን አውርደው ሰርቨራቸው ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ግን አንዳች አልደረሰባቸውም።

የተሰረቀ ቴምና ስም የሚመስል ስም

እዚህ ላይ ስለ ተሰረቁ ኮፒዎች ካልተናገርኩ አላርፍም። 60 ዶላር ገደማ የሚሸጥ የዎርድፕረስ ቴም (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የገጽ ንድፍ) በቴሌግራም ቻናል በነጻ ይገኛል። ክራክ ተደርጎ ነው የሚለቀቀው። አንዳንዱ ሠሪ እሱን ጭኖ «ፕሪሚየም ነው» ብሎ ለደንበኛው ያስከፍላል።

ለጥገና ከመጡልኝ ገጾች አንዱ ላይ የገጹን ምንጭ ስከፍት ጄኩዌሪ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። አንደኛው ትክክለኛው ነው። ሁለተኛው ስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ተደግሟል፤ አድራሻውም ሲዲኤን የሚል ቃል አለበት። በችኮላ የሚያይ ሰው ያልፈዋል። ፋይሉን ስከፍተው ከጄኩዌሪ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ሊነበብ እንዳይችል ተደርጎ የታሸገ ረጅም የፊደል ክምር ነው። ያ ቴም እንዲህ ያለውን መስመር በሦስት የተለያዩ ፋይሎች ውስጥ ደብቆታል። አንዱን ስታጠፉት ሌላው መልሶ ይጽፈዋል። በመጨረሻ ቴሙን ከነሥሩ ነቅሎ ከመጣል በቀር መፍትሔ አልነበረም። ባለቤቱ ለሁለት ዌብሳይት ነው የከፈለው።

ስለዚህ ሌላ ሰው የሠራውን ገጽ ስትረከቡ የሚጠሩትን የውጭ አድራሻዎች ፊደል በፊደል አንብቡ።

የግድ ነጻ ሲዲኤን ከሆነ

አንዳንዴ አማራጭ አይኖርም። ደንበኛው የሰርቨሩን መግቢያ አይሰጥም፣ ወይም የሚጠቀመው ሲስተም ፋይል መጫን አይፈቅድም። እንግዲያው ምርጫዬ ይኸው።

ሲዲኤንጄኤስን አስቀድማለሁ። ክላውድፍሌር ላይ ነው የሚሠራው። የአንድ ቨርዥን ፋይል አንዴ ከተቀመጠ አይቀያየርም። ኢንተግሪቲ የሚባለውን የማረጋገጫ ኮድ ከሊንኩ ጋር አብሮ ይሰጣችኋል፤ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። እሱም እንከን አላጣም። በ2021 አንድ ተመራማሪ ሰርቨሩን ሊያስደፍር የሚችል ቀዳዳ አግኝቶ አሳውቆ ተደፍኗል።

ጄኤስዴሊቨር ሁለተኛዬ ነው። ከአንድ በላይ ሲዲኤን ደርቦ ይጠቀማል። ኤንፒኤምና ጊትሃብ በሚባሉት የኮድ ማከማቻዎች ላይ ያለ ማንኛውም ነገር በሱ ይገኛል። ችግሩም እዚያው ነው፤ ማንም ሰው የራሱን ኮድ ጭኖ በዚያው የታመነ አድራሻ ማሳለፍ ይችላል። ከሱ የምትጠሩ ከሆነ ቨርዥኑን እስከ መጨረሻው ቁጥር ጻፉ። «3» ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት በ3 የሚጀምር አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ሳትጠየቁ ገጻችሁ ላይ ይገባል።

የጉግሉ የተረጋጋ ነው፤ ግን የያዛቸው ላይብረሪዎች ጥቂት ናቸው። አንፓኬጅ የሚባለውን ሲዲኤን ለሚሸጥ ገጽ አልጠቀምም። ቨርዥን ካልጻፋችሁ መጀመሪያ ወደ ሌላ አድራሻ ይመራል፤ ያ ራሱ ተጨማሪ ደርሶ መልስ ነው።

የቴይልዊንድን (እሱም የገጽ መልክ ማሳመሪያ ነው) ሲዲኤን ለሚሸጥ ገጽ የምታውሉትን ግን በጭራሽ አልገባኝም። ኮንሶሉን ብትከፍቱ ሥራ ላይ ለዋለ ገጽ እንዳይውል ራሱ ያስጠነቅቃችኋል።

ኢንተግሪቲውን አትርሱ። ብራውዘሩ የመጣውን ፋይል ከማረጋገጫው ጋር ያስተያያል፤ አንዲት ፊደል ከተቀየረች አያስነሳውም። ግን ገደቡን እወቁ። ማረጋገጫው የሚሠራው ለማይለወጥ ፋይል ነው። ፖሊፊል ለየብራውዘሩ የተለያየ ፋይል ስለሚልክ ኢንተግሪቲ አያድነውም ነበር። ደግሞም ማረጋገጫው የተበላሸ ፋይልን ያግዳል እንጂ የጠፋ ፋይልን አያመጣም። የጋሼን ቀን መምረጫ አያስነሳላቸውም ነበር።

«ነጻ» ያልሆነው ነጻ

ሲዲኤን ላይ ተገኘ ማለት ለንግድ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታል።

ጄኩዌሪና ቡትስትራፕ በኤምአይቲ ፈቃድ ናቸው። ንግድም ቢሆን ተጠቀሙ፤ የባለቤትነት ማስታወሻውን ብቻ አታጥፉ። የታመቀው ፋይል አናት ላይ ያለችው አጭር መስመር እሷ ናት፤ ቦታ ትይዛለች ብላችሁ አትሰርዟት። የግራፍ ላይብረሪው ሃይቻርትስ ግን ሊንኩ በነጻ ይሠራል፤ ለንግድ ድርጅት ፈቃዱ ይገዛል፤ ለአንድ ሠሪ ብቻ ከ100 ዶላር በላይ። ለሪፖርት ግራፍ የሚሆን ነገር ብትፈልጉ ቻርት ዶት ጄኤስን ውሰዱ። ኤምአይቲ ነው፤ 0 ብር። ፉልፔጅ ዶት ጄኤስም እንዲሁ ኮዱ ክፍት ላልሆነ የንግድ ሥራ ክፍያ አለው።

ፈቃድ ከቨርዥን ቨርዥንም ይቀየራል። ታይኒ ኤምሲኢ የጽሑፍ ማዘጋጃው በኤምአይቲ ነበር፤ በ2024 በወጣው ቨርዥን 7 ወደ ጂፒኤል፣ ጠበቅ ያለ ግዴታ ወዳለው ሌላ ክፍት ፈቃድ፣ ተዛወረ። ሊንካችሁ «የመጨረሻውን አምጣ» የሚል ከሆነ ፈቃዱም ሳታውቁት ተቀየረ ማለት ነው። ፋይሉ ፎልደራችሁ ውስጥ ካለ ግን ከነፈቃዱ እንደነበረ ይቆያል።

አውሮፓ ላላችሁ

ጀርመን ውስጥ ምግብ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላችሁ፣ ይህን በተለይ አንብቡ። በጥር 2022 የሙኒክ ፍርድ ቤት አንድ የድረ ገጽ ባለቤት ለአንድ ጎብኚ 100 ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። ጥፋቱ የጉግልን ፊደላት (ጉግል ፎንትስ) ከጉግል ሰርቨር መጥራቱ ነው። ገጹ ሲከፈት የጎብኚው አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት ግንኙነቱ መለያ ቁጥር) ያለፈቃዱ ወደ ጉግል ሄዷል። ባለቤቱ ፊደሉን ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥ ይችል ስለነበር ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን አልተቀበለውም። ድርጊቱ ከተደገመ እስከ 250 ሺህ ዩሮ የሚደርስ ቅጣትም አስጠንቅቋል። በዚያው ዓመት ለብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ክፍያ የሚጠይቁ የጠበቃ ደብዳቤዎች ተበትነዋል።

ፊደልና ላይብረሪ እዚህ ላይ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ሲጠሩ አይፒው ይሄዳል። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አላት።

የራስ ሰርቨር ጉድለትና ማዛወሪያው

አንድ ነገር በሐቀኝነት ልናገር። ፋይሉ በእናንተ እጅ ሲሆን ማደሱም የእናንተ ሥራ ነው። ጄኩዌሪ በ2020 በወጣው 3.5.0 ላይ ሁለት የደህንነት ቀዳዳዎችን ደፍኗል፤ ከዚያ በታች ያለ ቨርዥን የያዘ ገጽ ዛሬም ተጋላጭ ነው። ግን ሲዲኤን ላይ ቁጥሩን ጽፋችሁ የጠራችሁትም ራሱን አያድስም። ማደስ በሁለቱም በኩል በእጅ ነው።

አዛወሩ ቀላል ነው። ፋይሉን ከላይብረሪው ከራሱ ገጽ ወይም ከኤንፒኤም አውርዱ። የፋይሉ ስም ላይ ቨርዥኑን ጻፉ። ብራውዘሩ ለአንድ ዓመት እንዲይዘው ሰርቨሩን እዘዙት፤ ስታድሱ ስሙ ስለሚቀየር አሮጌው አያስቸግርም። ሰርቨሩ ፋይሉን ጨምቆ መላኩን አረጋግጡ፤ በርካሽ ሆስቲንግ ላይ ጭመቃው አንዳንዴ ጠፍቶ ይገኛል። ያኔ 30 ኪሎ ባይት የነበረው 87 ሆኖ ይሄዳል።

ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ የክፍያ ድርጅቶች ስክሪፕት። ስትራይፕ ለምሳሌ ከራሱ አድራሻ ብቻ እንዲጫን ያዛል። እሱን አውርዳችሁ አታስቀምጡት። ከሱ ጋር የገንዘብ ውል አላችሁ፤ ሲበላሽ የምትጠይቁት አካል አለ።

ዌብሳይት የምታሠሩ ከሆነ ውሉ ላይ እንዲህ የሚል መስመር አስገቡ፦ «ከክፍያ ስክሪፕት በቀር ገጹ የሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎችና ፊደላት በሙሉ በደንበኛው ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሠሪው ዝርዝራቸውን ከነቨርዥናቸውና ከነፈቃዳቸው ያስረክባል።» ጥሩ ሠሪ በዚህ አይከፋም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተሠራውን ስትረከቡ ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12 ተጫኑና ኔትወርክ የሚለውን ከፍታችሁ ገጹን እንደገና ጫኑት። ከእናንተ ዶሜን ውጭ የተጠራው ሁሉ እዚያ ተዘርዝሮ ይታያል። እያንዳንዱ ለምን እንደመጣ ሠሪውን ጠይቁት።

ሁሉንም ባንድ ቀን ማዛወር ካልተቻለ ካርድ ወይም ስልክ ቁጥር ከሚጻፍበት ገጽ ጀምሩ። ቀጥሎ መግቢያውን፣ ከዚያ የማዘዣ ቅጹን። የፎቶ ስላይደሩ መጨረሻ ይምጣ።